በፔሩ ምድረ በዳ ከአየር ላይ የሚታይ ሀብት

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር፣ ናስካ በሚባል ምድረ በዳ፣ ከ1500 እስከ 2500 ዓመት በፊት የተሠሩ ግዙፍ ሥዕሎች ይገኛሉ። የጥንት ሰዎች ጠቆር ያለውን ድንጋይ አንሥተው፣ ነጣ ያለውን አፈር በመግለጥ የወፍ፣ የጦጣና የሸረሪት ምስል አበጁ። ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል ሥራቸው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አንዳንዱ ሥዕል ወደ 100 ሜትር ስለሚደርስ በእግር ለሚሄድ ሰው መልኩ አይለይም። ስለዚህ ጎብኚዎች በትንንሽ አውሮፕላን ተሣፍረው ግማሽ ሰዓት ያህል ከላይ ይመለከቱታል። አብራሪውም፣ ባለሆቴሉም፣ ባለሱቁም ከዚሁ ይጠቀማሉ። ዕቃው በየቀኑ ይሸጣል፤ ከመደብሩ ግን አይጎድልም።

ሆኖም ይህ ዋና ገንዘብ ቢጠፋ የሚተካ አይደለም። አውራ ጎዳናው ሲሠራ የእንሽላሊቱን ሥዕል ቆርጦት አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ወጥቶ መስመሮቹን አበላሽቷል። በ1998 ያረፈችው ጀርመናዊት ማሪያ ራይከ ዕድሜዋን የፈጸመችው ሥዕሎቹን በመለካትና በመጠበቅ ነው። ዩኔስኮም በ1994 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

የመንገደኛውም ደኅንነት ከዋናው ገንዘብ ይቆጠራል፤ በ2022 አንድ የጎብኚዎች አውሮፕላን ወድቆ የተሣፈሩት 7 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። እንግዲህ ትርፍ የሚሻ ነጋዴ አስቀድሞ ዕቃውንና ደንበኛውን ሊጠብቅ ይገባዋል።