ኦፓሉ የየት ነው? የደላንታ ወይስ የመዘዞ?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ የጉናን ትከሻ እየታከከ ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የአካባቢው ሰው «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ነፋስ መውጫንና ደብረ ዘቢጥን አልፎ ጋሸና የደረሰ መንገደኛ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ደላንታ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በደላንታ በኩል ነበር። ያን ሁሉ ሠራዊት ያደከመው ገደል በሆዱ ምን እንደያዘ ዓለም ያወቀው ግን ከ140 ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ ዛሬ በየጌጣጌጥ መደብሩ የምናየው ኦፓል ተገኘ። ድንጋዩ ገበያ ሲወጣ ግን ያልሠራው ዕዳ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ አካባቢ የወጣ ቡናማ ኦፓል ለዓለም ገበያ ቀርቦ ነበር፤ ውበት አላነሰውም፣ ብዙው ግን እየተሰነጠቀ ገዢን አሳዝኗል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ኦፓል» ሲባል ነጋዴው ፊቱን ያዞር ጀመር። የደላንታው በወንድሙ ዕዳ ተያዘ ማለት ነው። ተመራማሪዎች የወገል ጤናን ኦፓል ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ኮንክሪት ላይ ቢጥሉትም አልተጎዳም። «ወሎ ኦፓል» የሚለው መጠሪያ ከመዘዞው የለየው መታወቂያው ሆነ።

የሳይንሱ አመዳደብ ደግሞ ሌላ ነው። የጉናን ጥቁር ድንጋይ የሠሩት ማዕድናት አብዛኞቹ ሲሊኬቶች ናቸው፤ መሠረታቸው ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። ኦፓልም ከእነዚሁ ሁለቱ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ግን ውሃ አለበት። በዚህ የተነሳ ሊቃውንቱም አልተስማሙም፤ አንዱ አመዳደብ ውስጣዊ አሠራሩን አይቶ ከሲሊኬቶች ጎራ ያስገባዋል፣ ሌላው ኬሚካዊ ይዘቱን አይቶ ከኳርትዝ ጋር ከኦክሳይዶች ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት ተመራማሪዎች ኦፓልን ራሱን በውስጥ አደራደሩ ከፋፈሉት። ቅርጽ አልባው «ኦፓል ኤ» ተባለ፤ የአውስትራሊያው ዝነኛ ኦፓል ከዚህ ወገን ነው። የወገል ጤናው «ኦፓል ሲቲ» ነው፤ ፊደሎቹ የተወሰዱት ክሪስቶባላይትና ትሪዲማይት ከተባሉ ሁለት ማዕድናት ስም ነው።

ለገዢ ከእነዚህ ፊደሎች ይልቅ የሚጠቅመው አንድ ሌላ ስም ነው፦ ሃይድሮፌን። ውሃ ጠጪ እንበለው። ብዙው የደላንታ ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይመጥጣል፣ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፣ የቀለም ጨዋታውም ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ክብደቱም ይጨምራል። ኦፓል የሚሸጠው በካራት ስለሆነ እርጥብ ድንጋይ የገዛ ሰው ለውሃም ከፍሏል፤ ደርቆ ካላዩት አይዋዋሉ።

ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምና ጭስም ይጠጣል። ጥቁር ኦፓል ሲያማርጡ በተፈጥሮው ጥቁር ነው ወይስ በጭስ የጠቆረ ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከእስታይሽ፣ እዚያው ቻይና መንገድ ዳር፣ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓል ወጥቷል፤ «ጥቁር ሁሉ ሐሰት ነው» የሚሉ ሰዎችም ስለዚህ ተሳስተዋል። በጭስ የጠቆረውንም መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስሙን ደብቆ መሸጥ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቀለበቱ ቤት ከገባ በኋላ ዕቃ ሲያጥቡ፣ ወጥ ሲሠሩ፣ ፀጉር ሲቀቡ ያውልቁት፤ ዘይትና ሽቶ ከውሃ ይልቅ የከፋ ነው፣ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ድንገት ከራሰ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አያስጡት። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ይተዉት፤ ቀለሙ ለመመለስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።