ሽፋኑ፥ ቤንዚኑና የጎንደር መንገድ

አንባቢ ሆይ፤ ከጎንደር ከተማ ተነሥተህ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ወለቃ ትደርሳለህ። በመንገዱ ዳር ሴቶች የሸክላ ሥራቸውን ደርድረው ታገኛለህ፤ ጀበናውን፥ ድስቱን፥ ከዚያም ትንንሾቹን ምስሎች፥ አንበሳውንና ወፉን። ወለቃን በዚህ ሙያ ያስጠሩት ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያው ግን ከስፍራው አልጠፋም። ጀበናው ለጎረቤት የተሠራ ነው፤ ትንሹ አንበሳ ግን ለመንገደኛ። መንገደኛው አገሩ ሲገባ «ኢትዮጵያ ይህች ናት» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፤ ሠሪዋም ገዢዋን ታውቃለችና የሚፈልገውን ትሠራለታለች። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን አንበሳውን አይቶ የወለቃን ኑሮ ዐወቅሁ የሚል ሰው ይሳሳታል።

የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔትም እንዲሁ ለገዢው የሚሠራ ዕቃ ነው። ታይም የተባለውን መጽሔት ሄንሪ ሉስና ብሪተን ሃደን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1915 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1923) በኒው ዮርክ ሲያቋቁሙ፥ ሐሳባቸው ጊዜ ያጠረው አሜሪካዊ የሳምንቱን ወሬ ባጭሩ ተጠናቅሮ እንዲያገኝ ነበር። እንዲህ ያለ መጽሔት የሚኖረው አንባቢው በሚከፍለው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ በሚከፍሉት ገንዘብም ነው። ስለዚህ ገጹን ስትገልጥ በአንድ ወገን ወሬውን፥ በሌላው ወገን ወሬውን የሚያሳትመውን ገንዘብ ጎን ለጎን ታያለህ።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ በልደት ዋዜማ፥ ታይም የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሥዕል በሽፋኑ ላይ አትሞ «የዓመቱ ሰው» አላቸው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን ድንበር ከተሻገረ ያን ጊዜ ሦስት ወር አልፎታል። ለዚህ ስም ሲመረጡ ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሽፋን እስከ ዛሬ በኩራት ያነሣዋል። ይሁን እንጂ «የዓመቱ ሰው» ሽልማት አለመሆኑን ልብ በል። መጽሔቱ የሚመርጠው በበጎም ሆነ በክፉ የዓመቱን ወሬ ከሁሉ ይልቅ የመራውን ሰው ነው፤ ለፈረንጆቹ 1938 ሂትለርን፥ ለ1939 ስታሊንን መርጧል።

እንግዲህ ከዚያ ሽፋን በስተጀርባ አሜሪካ ምን ትሠራ ነበር ብለህ ብትጠይቅ፥ አንዲት ሳትሆን ሦስት አሜሪካ ታገኛለህ።

የመጀመሪያይቱ የፖለቲካዋ አሜሪካ ናት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገለልተኝነትን ሕግ ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ፈረሙ፤ ጦርነቱ እንደ ተጀመረም፥ መስከረም 24 ቀን፥ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አወጁ። ነገሩ ፍርድ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ ግን መሣሪያዋን ከውጭ ትገዛ ነበር። እኩል የተባለው ሕግ የጎዳው ባዶ እጁን የነበረውን ነው።

ሁለተኛይቱ የንግዷ አሜሪካ ናት። ወረራው ከመጀመሩ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለአንድ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ሰፊ የፍለጋ ፈቃድ ሰጥተው ነበር፤ ጥቅሙ ባለበት አገር ኃያሉ መንግሥት ዝም አይልም ተብሎ ነበርና። የዋሺንግተን መንግሥት ግን ኩባንያውን ተጭኖ ውሉን አስተወው። ነዳጅ ዘይትም ከጦር መሣሪያ አልተቈጠረም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል ነጋዴዎች ለተዋጊዎች ነዳጅና ካሚዮን እንዳያበዙ መከሩ፤ ምክር ግን ሕግ አይደለምና ወደ ኢጣልያ የሚጫነው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ። የመንግሥታቱ ማኅበርም በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይነካ ተወ።

ሦስተኛይቱ የሕዝቡ አሜሪካ ናት። ይህችን በይበልጥ የምታገኛት በጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ነው። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ወሬ አቀባይ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ጆን ሮቢንሰን የተባለው አውሮፕላን ነጂ ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። በሃርለም ሰልፍ ተሰለፉ፤ ገንዘብ አዋጡ። በኋላም ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን ዓለም ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ገንዘብም ሥልጣንም ያልነበራቸው ሰዎች ከባለገንዘቦቹና ከባለሥልጣኖቹ ይልቅ ደረሱልን።

የነገሩን ፍጻሜ የጎንደር መንገድ ይነግርሃል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ተደረገ። በማግስቱ፥ መጋቢት 23 ቀን፥ ስታራቼ የሚባለው የፋሺስት ሹም በካሚዮን የተጫነ ጦሩን ይዞ ጎንደር ገባ። ያ ሽፋን ከወጣ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። የሞተር ጦር ያለ ቤንዚን አንድ ስንዝር አይራመድም። ሙሶሊኒ ራሱ፥ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ በኋላ ለሂትለር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል።

ለእውነቱ ደግሞ ይህንም እንጨምር። የአሜሪካ መንግሥት የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ብሎ አላወቀም። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈትባት የአሜሪካ እርዳታ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ታክሎበታል። በየወረዳው ሕመምተኛ ያከሙ የጤና መኰንኖች ከዚያ ወጥተዋል። እንግዲህ አገር እንደ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ያስቀይማል፥ አንድ ቀን ያስመሰግናል።

ተማሪ ብትሆን ወይም በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የምታዘጋጅ ብትሆን፥ ዛሬ የአሜሪካ ወሬ በየደቂቃው በእጅ ስልክህ ይደርስሃል። ስለ አገራችን አንድ ደግ ቃል ባየህ ጊዜ ደስ ቢልህ አይፈረድብህም። ነገር ግን ከማመስገንህም ከመቈጣትህም በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ይህ የተጻፈው ለማን ነው? በዚሁ ሳምንት ሕጋቸው ምን አለ? ነጋዴያቸውስ ለማን ሸጠ? የገጹን ወሬ አንብበህ ስትጨርስም፥ በገጹ ላይ ያልወጣው ሰው ምን እንዳለ ፈልግ።

ወለቃም በሄድህ ጊዜ ትንሹን አንበሳ ግዛ፤ ለሠሪዋ እንጀራዋ ነው። ግን ጥቂት ቈይተህ፥ ለራሷ ቤት የምትሠራው የትኛውን እንደ ሆነ ጠይቃት።