የቆጡን ስናወርድ የብብታችንን እንዳንጥል
ስለ ወደብና ስለ ማጓጓዣ ወጪ ጥናቶች ምን ይላሉ?

(ከቶሮንቶ፣ ካናዳ)

በዚህ በቶሮንቶ ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ የአሰብ ጉዳይ ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ «አሰብን ያስረከቡብን በታሪክ ይጠየቃሉ» ይላል፤ ሌላው «ዛሬ በጠመንጃ እናስመልስ የሚሉትስ ከነዚያ በምን ይሻላሉ?» ብሎ ይመልሳል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ይዞት የመጣውን አቋም ይዞ ይመለሳል። አገር ቤት ሳለሁ የትራንስፖርት ኢኮኖሚክስ አስተምር ስለነበር «ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» መባሌ አልቀረም። ዳኝነቱ ይቅርብኝና ጥናቶች የሚሉትን በአጭሩ ላቅርብ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የታሪኩን ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ተደባልቀው ስለሚነሱ፣ በታሪኩ የሚሰማን ቁጭት ለዋጋው ጥያቄ መልስ እየመሰለን እንሳሳታለን።

ታሪኩ ይታወቃል። ኤርትራ በ1993 ስትለይ የያኔው የሽግግር መንግሥት ለአሰብ አጠቃቀም ዘላቂ ዋስትና ሳያስገኝ ቀረ። ይህ ከባድ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያው በር ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ጎረቤቷ ደጃፍ ላይ ተሰልፋለች ማለት ነው።

የባህር በር ማጣት ምን ያህል ያስከፍላል? ሊማዎ እና ቬነብልስ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2001 ባሳተሙት ጥናት አንድ ኮንቴይነር ከአሜሪካዋ ባልቲሞር ወደ 64 መዳረሻዎች ለመላክ የሚጠየቀውን ዋጋ አነጻጽረዋል። ባህር በር የሌላቸው አገሮች የማጓጓዣ ወጪ ባህር ካላቸው በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ የንግዳቸው መጠን ደግሞ በስድሳ በመቶ ያህል ያንሳል። የባህሩ ጉዞ በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢረዝም ወጪው 190 ዶላር፣ የየብሱ ቢረዝም ግን 1,380 ዶላር ይጨምራል። ስለዚህ ቁጭታችን መሠረት አለው።

ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ይናገራል። ባህር በር በሌላቸው አገሮች ከማጓጓዣ ወጪው እስከ ስድሳ በመቶ የሚደርሰው የሚመነጨው ከደካማ መሠረተ ልማት፣ ማለትም ከራስና ከመተላለፊያው አገር የመንገድ፣ የባቡርና የስልክ ድክመት ነው።

እስቲ ካርታውን እንመልከት። ከአሰብ የሚመጣው መንገድና ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ አፋር ምድር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ አዲስ አበባ መኪናው ያው፣ አስፋልቱ ያው፣ ነዳጁም ያው ነው። አሰብ ነገ ብትከፈት ለአዲስ አበባው ነጋዴ የየብሱ ርቀት ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው የመደራደር አቅሙ ነው፤ ጅቡቲ ዋጋ ስትቆልል «ወደዚያኛው በር እሄዳለሁ» ማለት ይቻላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጥቅም የሚሰጠው በሩ ክፍት መሆኑ እንጂ ባንዲራው የማን መሆኑ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ጊዜ ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ባህር በር የሌላቸውን አገሮች ክፉኛ የሚጎዳው ዕቃው መቼ እንደሚደርስ አለመታወቁ መሆኑን አሳይተዋል። ጥሬ ዕቃው መቼ እንደሚገባ የማያውቅ ፋብሪካ የወራት ክምችት ለመያዝ ይገደዳል፤ በዚያ የታሰረው ገንዘብ ወለድ ይበላል። በ2012 የወጣው ሌላ የባንኩ ጥናት ደግሞ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ ወደቦች (ደርባንን ሳይጨምር) ጭነት በአማካይ ሃያ ቀን ያህል ሲቀመጥ በሌላው ዓለም ባሉ ትልልቅ ወደቦች ሦስት አራት ቀን እንደሚበቃው ያሳያል። ጥፋቱ የክሬን እጥረት ብቻ አይደለም፤ የጉምሩክ አሠራር፣ የትራንዚተሩና የአስመጪው ልማድም አለበት። ኤልሲ ለመክፈት ዶላር ሲጠብቅ የከረመ፣ ሰነዱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ዲመሬጅ የቆጠረበት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ጥናት አያሻውም።

የባዶ መኪናም ጉዳይ አለ። አገራችን የምታስገባው ወደ ውጭ ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ጭኖ የመጣው ከባድ መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ወደ ወደቡ ይመለሳል። የመመለሻው ነዳጅ የሚከፈለው ከገባው ዕቃ ላይ ነው። እኛ ከዚህ በላክነው ገንዘብ እናቶቻችን የሚገዙት ዘይት ያንን ባዶ ጉዞ ተሸክሞ ነው ጉሊት የሚደርሰው።

በዚህ ላይ መንግሥት ራሱ ሌላ ነጠላ በር ሠራ። በ1964 የተቋቋመው ንግድ መርከብ በ2011 ከደረቅ ወደብና ከማሪታይምና ትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋሃደ፤ በመልቲሞዳል ሥርዓትም ለዓመታት ብቸኛ አንቀሳቃሽ ሆኖ ቆየ። የግል ኩባንያዎች ፈቃድ ያገኙት ገና በቅርብ ዓመታት ነው። ጅቡቲን «ብቸኛ በር ሆነችብን» ብለን ስናማ፣ በአገር ውስጥ ያለውን ብቸኛ በር ማን ከፈተልን ብለን መጠየቅ አለብን።

እዚህ ቶሮንቶ ከእስያ የሚመጣው ዕቃ ቫንኩቨር ወርዶ ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ተጉዞ ብራምፕተን ይደርሳል። «ቫንኩቨር እኮ የራሷ የካናዳ ነው» ትሉኝ ይሆናል፤ ትክክል ናችሁ። እንግዲያው ስዊዘርላንድን ተመልከቱ። ባህር የላትም፤ ጭነቷ ግን በራይን ወንዝ በኩል ከሮተርዳም እስከ ባዝል ይዘልቃል። በወንዙ ላይ የመርከብ ነፃነትን ያጸናው የማንሃይም ውል የተፈረመው በ1868 ነው። በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባህር ሕግ አንቀጽ 125ም ወደ ባህር የመድረስ መብትን ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ግን ለአገሮች ስምምነት ይተወዋል። መብቱ በተግባር የሚውለው በውል ነው።

ታዲያ የእኛ ውሎች ወዴት ደረሱ? በ2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘች ተብሎ ተጨበጨበ፤ የሚጠበቅባትን ሳትፈጽም በ2022 ከእጇ ወጣ። በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀይ ባህርን የህልውና ጥያቄ አድርገው አቀረቡ። በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ ሳይቀርብ ከሶማሊያ ጋር አፋጠጠን፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ ተፈረመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አሁን የጦርነት ነጋሪት ለሚጎስሙት አንድ ነገር ላስታውስ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባህር መርከቦችን ሲያጠቁ የመድን ዋጋ ናረ፣ ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎችም አፍሪካን በኬፕ ዞሩ። መርከብ ፈሪ ነው። በጦርነት የተያዘ ወደብ መርከብ የማይደርስበት ወደብ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው ጦርነት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አልቀዋል፤ አሰብ ግን አልተከፈተችም።

ይህ ማለት የባህር በር ጥያቄያችን ይዘጋ ማለት አይደለም። በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሰነድና በትዕግሥት ሊቀጥል ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ጉምሩኩን ማስተካከል፣ ገበያውን መክፈት፣ ባቡሩን በሚገባ ማሠራትና ወደ ውጭ የሚላከውን ማብዛት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የአንድም ልጅ ሕይወት አያስከፍልም። አገዛዙ «ወደብ ስጡኝ» ከማለቱ በፊት በእጁ ያለውን ምን እንዳደረገበት እንጠይቀው።

ቸር ይግጠመን።