በመጋዘን ደጃፍ አደጋ ሲደርስ የካሚዮን ነጂ ሊያደርገው ስለሚገባ ነገር

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ዕቃ የሚበዛው በካሚዮን የሚጓዝ ስለ ሆነ፤ የመንገዱን አደጋ የማያውቅ ነጂ የለም። ነገር ግን ጉዞው ካለቀ በኋላ በመጋዘን ደጃፍ የሚደርሰውን አደጋ የሚያስበው ጥቂት ነው። ካሚዮኑ ወደ ኋላ ሲመለስ በግንቡና በመኪናው መካከል የቆመውን ጫኝ ያጣብቀዋል፤ ገመዱም ሲፈታ ያዘነበለው ጭነት በነጂው ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ፤ ነጂው አስቀድሞ ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ ጀርባው የተመታውን ሰው ግን ሌላ አደጋ ካላስፈራ በቀር ሐኪም ሳይደርስ አያንሣው። ለፖሊስና ለአሠሪው ወዲያው ያስታውቅ። ተደናግጦ መሸሽ ግን ከቶ አይገባም፤ የጎዱትን ሰው ሳይረዱ ጥሎ መሄድ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነውና። ፖሊስ እስኪመጣም ስፍራውን በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ሰዓቱንና ያዩትን ሰዎች ስም ይጻፍ፤ ያላነበበውን ወረቀት አይፈርም።

የተጎዳው ነጂው ራሱ ቢሆንስ? መጋዘኑ የሌላ ሰው ነው ተብሎ መብቱ አይቀርበትም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም ከዘወትር ሥራው ስፍራ ውጭ ቢጎዳም የሥራ ላይ ጉዳት ነው ይላል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ነው። ሰክሮ የተገኘ፤ ወይም ግልጥ የሆነውን የደኅንነት ትእዛዝ የጣሰ ሰው ግን ይህን መብት ሊያጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ለቁስለኛው ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ነገሩን በዚያው ማዳፈን ነው። ሽምግልና የተከበረ ልማዳችን ነው፤ ዕርቅ ግን እውነትን መደበቂያ ሊሆን አይገባውም። ዛሬ ቀላል የመሰለው ጉዳት ነገ ሰውየውን አካለ ስንኩል ቢያደርገው፤ ያልተጻፈውን ነገር ማን ይመሰክርለታል? ያልተነገረውም ጉድለት ሳይጠገን ቆይቶ ሌላውን ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ የሥራ ተቆጣጣሪዎች የመጋዘኑን ደጃፍ እየዞሩ ይመልከቱ፤ የሃይማኖት አባቶችም አስታራቂ ሆነው ሲቀመጡ፤ ከካሣው አስቀድመው «ነገሩ ለሕግ ተነግሯልን?» ብለው ይጠይቁ። እውነቱን የተናገረ ነጂ ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ክብሩን አያጣም፤ የሸሸው ግን ጥፋቱን በእጥፍ ይሸከማል።