ከጭነት መኪና የተሠራ አውቶቡስና የሞተሩ ውሃ

ቅጥቅጥ አውቶቡስ መነሻው የጭነት መኪና ነው። ብዙ ጊዜ የአይሱዙ ኤን ፒ አር ሻንሲ ላይ፣ በአገር ውስጥ ቦዲ ሠሪዎች እጅ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተደርድሮበት የሕዝብ ማመላለሻ ይሆናል። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ራዲያተሩ እንደነበሩ ይቀራሉ። የጭነት መኪናው ጋቢና ግን ወደ ፊት ይገለበጥ ስለነበር ሞተሩ በአንድ ጊዜ ከነራዲያተሩ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። አዲሱ ቦዲ አይገለበጥም፤ ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን በኮፈን ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በኮፈኑ ላይም ሰውና ዕቃ ይቀመጥበታል። ከጣሪያው የሚጫነው ዕቃና ከወንበር በላይ የሚሳፈረው ሰው ሲደመር ሸክሙ አይቀንስም፤ ሞተሩን የሚያይ ዓይን ግን ይቀንሳል። የአሮጌ ቅጥቅጥ ማቀዝቀዣ በዚህ ምክንያት እንፋሎት እስኪወጣ ድረስ የሚያስታውሰው አያገኝም።

ከሚቃጠለው ናፍጣ ጉልበት ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በሙቀት መልክ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ፓምፑ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና ከላያቸው ባለው ቴስታታ ውስጥ ያዞረዋል፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ወደ ራዲያተር ሄዶ፣ ፋኑ በሚስበው አየር ቀዝቅዞ፣ በታችኛው ማኒኮቶ ይመለሳል። ሞተሩ በደህና የሚሠራው ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ነው።

ይህ ቁጥር በደጋ አገር ልዩ ትርጉም አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጣርማ በር ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የሆነ ሞተር በተለመደው ሙቀቱ ላይ ሳለ ውሃው የመፍላት ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በስፕሪንግ ግፊቱን አምቆ ይይዛል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን በአዲስ አበባ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አይይዝም። ራዲያተር አስፈትቶ ማሳጠብ፣ ፓምፕ መቀየር፣ ቴስታታ ማስወረድ ከመታሰቡ በፊት ክዳኑ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ከመላው ማቀዝቀዣ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ በደጋ መንገድ ላይ ግን ከእሱ የሚበልጥ የለም። በክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን ፋብሪካው ካዘዘው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ከዚያ የሚበልጥ ክዳን አሮጌ ራዲያተርን ከብየዳው ላይ ያፈነዳል። ክዳኑ ሁለተኛ ሥራም አለው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ መልሶ እንዲገባ ያደርጋል። ጠዋት ማኒኮቶው ተጨምድዶ ከተገኘ ይህን የሚሠራው የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተደፍኗል።

ከፍታው አየሩንም ያሳሳዋል። በ3,000 ሜትር ላይ ፋኑ የሚገፋው አየር ክብደት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክንፎች በገለባ፣ በነፍሳትና በአቧራ ሲደፈኑ ጉዳቱ በደጋ ቶሎ ይታያል። ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ማለት አየሩ ከሚገባበት ተቃራኒ መሄድ አለበት፤ በኃይለኛ ግፊት ግን ቀጭኖቹ ክንፎች ይታጠፋሉ። በፋኑ ዙሪያ ያለው ከለላም ሊረሳ አይገባም። ቦዲ ሲሠራ ተነሥቶ ሳይመለስ የቀረ ከለላ ካለ፣ ፋኑ በራዲያተሩ ውስጥ በመሳብ ፋንታ የገዛ ሞቃት አየሩን ያዞራል።

ከአየሩ ይልቅ ቸልታ የሚበዛው በውሃው ላይ ነው። በመንገድ ላይ ረዳቱ በጀሪካን የሚያመጣው የወንዝ፣ የጉድጓድ ወይም የኩሬ ውሃ ደለልና ማዕድን ይዞ ይመጣል። ማዕድኑ በሞተሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል፤ ቅርፊቱም ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከሞተሩ ብረት በብዙ አሥር እጥፍ ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ ውሃው ደህና የሚመስል ሙቀት እያሳየ ቴስታታው ሊቃጠል ይችላል። ተገቢው የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ነው። በሞቃት አገር ኩላንት አያስፈልግም የሚለው አነጋገር ስህተት ነው። ኩላንት በረዶን ብቻ አይከላከልም፤ ዝገትን ያግዳል፣ የመፍያ ነጥብንም ከፍ ያደርጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት በደብረ ብርሃን ደግሞ የመጀመሪያው ጥቅሙም ይፈለጋል። ሆኖም ብቻውን አይሞላም፤ ያልተቀላቀለ ኩላንት ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል።

ሞተር ሲሞቅ፣ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው። መፍትሔ ግን አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መተላለፊያ ስለሚዘጋ፣ እሱ ሲወጣ ሞቃቱ ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፤ ሙቀቱም ይብሳል። ደህንነቱን ለመፈተን ቴርሞስታቱ በድስት ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሞቃል። በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ገደማ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ የድስት ውሃ ግን ከ92 አያልፍም። በከፊል ብቻ የተከፈተውን ተበላሽቷል ብሎ መጣል አይገባም።

ፓምፑንና ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ ሲላላ ሁለቱም ይዳከማሉ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ መዝለቅ ይበቃዋል። ቺንጋው ጥንድ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። ከፓምፑ በታች ካለችው ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ውሃ ማኅተሙ ማለቁን ይናገራል። የላሸ ወይም የተሰነጣጠቀ ማኒኮቶ ሳይፈነዳ መቀየር አለበት።

የዚህ ሁሉ ፈተና አቀበት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ 1,400 ሜትር ገደማ ይዘቀዘቃል፤ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ደግሞ ወዲያው ወደ ደጀን ይወጣል። በአቀበት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን አፍኖ መንዳት ጎጂ ነው። ፓምፑንና ፋኑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀየር ሸክሙን ሲቀንስ ማቀዝቀዣውን ያፈጥናል። የሙቀት መለኪያው መርፌ በአቀበት መሐል በድንገት ወደ ታች ቢወርድ የሚያስደስት አይደለም፤ ውሃው አልቆ መለኪያው በደረቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ሳይጎድልበት የሞቀ ሞተር፣ መኪናው ቆሞ፣ በዝግታ እየዞረ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ውሃ የፈሰሰበት ግን ወዲያው ይጠፋል። ክዳኑን ወዲያው መክፈት እጅና ፊት ያቃጥላል፤ ኮፈኑ በቅጥቅጥ ውስጥ በተሳፋሪው አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ ሰዎች መውረድ አለባቸው። ሞተሩ ሳይበርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታን ይሰነጥቃል። ከዚያ በኋላ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ቢወጣ፣ ነጭ ጭስ ቢታይ፣ ዘይቱ ወተት ቢመስል የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፤ ውሃ እየጨመሩ መንዳት ጉዳቱን ከማብዛት በቀር አይጠቅምም።

አዲስ ውሃና ኩላንት ሲሞላ አየር ውስጥ እንዳይቀር ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ ማሞቂያ ካለ መስመሩ ይከፈታል። ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ ይነሣና ቴርሞስታቱ ሲከፈት ዝቅ የሚለው ውሃ ይሞላል፤ በማግሥቱ ጠዋት በቅዝቃዜው እንደገና ይታያል። የወጣው አሮጌ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ልጆችና እንስሳት እንዳይጠጡት በተዘጋ ጀሪካን ይቀመጣል፤ በጅረት አጠገብ ፈጽሞ አይደፋም።