የምርኮኛን ዋጋ ማን ይቈርጣል?

እዚህ ሺሺንዳ፥ የታሪክ ትምህርት ሲያልቅ ልጆቹ የጥንት ዘመን ጦርነት ይጫወታሉ። በቀደም አንዱ የካፋ ንጉሥ ሆኖ ተማረከና በቤዛው ላይ ክርክር ተነሣ። ማራኪው «መቶ ጆንያ ቡና!» አለ። ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ።

ውድ አንባብያን፤ እናንተስ ብትሆኑ ስንት ትቈርጡ ነበር? ከዐድዋ ድል በኋላ፥ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ውል ሲፈረም፥ ዳግማዊ ምኒልክ ለጣሊያን ምርኮኞች ዋጋ አልጠሩም። ለቀለባቸው የወጣውን ገንዘብ ነገር ለራሱ ለጣሊያን መንግሥት ሕሊና ተዉለት። እርሱም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለ። ቤዛ አልተባለም፤ ዳሩ ግን ባለ ዕቃው ዋጋ ሳይጠራ ዝም ሲል ገዢው ማነስን ይፈራል፤ ይህን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከውሉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፥ 1889 አልቆ 1890 ሊገባ ሲል፥ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እጅ ወደቁ። በብር ሰንሰለት ታስረው ከአገራቸው ተወሰዱ። ጣሊያኖቹን የሚያስፈታ መንግሥት በሮማ ነበራቸው፤ የጋኪ ሸሮቾ መንግሥት ግን አብሮ ተይዟልና ከፋይ ከወዴት ይምጣ? ከሃያ ዓመት በላይ በምርኮ ኖረው አዲስ አበባ ላይ ሞቱ።

ይህን ስነግራቸው፥ ንጉሥ የሆነው ልጅ «እንግዲያውስ የእኔን ማን ይከፍላል?» አለኝ። ዳኝነቱን ለሰኞ አሳደርሁት።