ዕቃ ቤት ውስጥ የተኛ ገንዘብ

በአዲስ አበባ መንደሮች ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ይቅር? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ባዶ ጠርሙስና በአንድ የተቀደደ ጫማ ያበቃል። ቡፌው፣ ከአልጋው ሥር ያለው ሳጥን፣ ምስል ማሳየት ካቆመ ዓመታት ያለፉት ቴሌቪዥንና ለእንግዳ ተብሎ ከነካርቶኑ የተቀመጠው ስኒ እዚያው ይከርማሉ።

የከተማው ሰው ዕቃ የሚያከማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል የነበረበትን የደርግ ዘመን ያሳለፈ ቤተሰብ የተገኘን ነገር ማስቀመጥ ብልህነት መሆኑን በኑሮው ተምሯል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ገበያም ይህን ልማድ የሚያስጥል አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢያደርገውም፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ቀደም ብሎ ፍሪጅ የገዛ ሰው ባንክ ካስቀመጠው ጎረቤቱ ተሽሎ ተገኘ።

ይሁንና ይህ ስሌት የሚያገለግለው ለሚሸጥ ዕቃ ብቻ ነው። የሚሠራ ፍሪጅ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ወፍራም ብረት ድስት ገዢ አያጡም። ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ግን ጠፍጣፋው ከመጣ ወዲህ ዋጋው በየዓመቱ ወርዶ ዛሬ በነጻ የሚወስደው ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ባለቤቱ «ስንት ብር እንደገዛሁት ታውቃለህ?» ማለቱ አይቀርም። የተገዛበት ዋጋ ግን የሚያሳስበው ባለቤቱን እንጂ ገዢውን አይደለም።

የቦታውን ዋጋ የሚያሰላ ደግሞ ጥቂት ነው። ግቢ ውስጥ ዕቃ ቤት ለነበረው ነዋሪ ቦታ በነጻ የሚገኝ ያህል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ግን ስቱዲዮውን ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታውን ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱን ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር አድርጎ ነው የተነሳው። 40 ካሬ ሜትር ቤት በወር 20 ሺህ ብር ይከራያል ብንል አንዷ ካሬ 500 ብር ታወጣለች ማለት ነው። ቡፌው፣ ማንም የማይቀመጥበት ትርፍ ሶፋና ሳጥኖቹ 4 ካሬ ከያዙ በወር 2 ሺህ፣ በዓመት 24 ሺህ ብር ኪራይ ይከፈልባቸዋል። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው «እኔ ኪራይ የለብኝም» ሊል ይችላል። በዚያች 4 ካሬ ግን ልጁ የቤት ሥራ የሚሠራበት ጠረጴዛ ይቀመጥ ነበር፤ የሚወለወለው አቧራም ይቀንስ ነበር።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሰው ተገዶ ሲሸጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ አካባቢ የተነሱ ቤተሰቦች የብዙ ዓመት ዕቃቸውን በአጭር ጊዜ አንስተው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ዋጋ የሚከራከር ሰው የለም። የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቁም ሳጥን ሲያወጣ የቁም ሳጥን ዋጋ ምን እንደሚሆን ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። በመሆኑም ቤትን ማቃለል የሚያዋጣው የሚያስገድድ ነገር ሳይመጣ፣ ቀስ በቀስ ሲሠራ ነው።

ሚዛኑ በማን እጅ ነው?

በር ላይ በሚደረገው ግብይት ሻጩ ዕቃውን ያውቃል፣ ቆራሌው ደግሞ ገበያውን ያውቃል። የሚያተርፈው ሁለተኛው ነው። እርሱ ዕቃውን የሚያየው በስሙ ሳይሆን በተሠራበት ነገር ነው። የተበላሸ የፍሪጅ ሞተር ለቤቱ ባለቤት ቆሻሻ ቢሆንም ለቆራሌው በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ያለበት ሸቀጥ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ምድጃ፣ አሮጌው አሉሚኒየም ቀልጦ አዲስ ድስት፣ የመኪናው ጎማ በርባሶ ይሆናል።

ስለዚህ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በቤት ውስጥ መለየት ይገባዋል። አንዲት ትንሽ ማግኔት ብዙ ትረዳለች፤ ተራ ብረትን ትስባለች፣ መዳብን፣ ነሐስንና አሉሚኒየምን አትስብም። መዳቡንና ነሐሱን ከብረት ጋር በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልሎ «በጅምላ ስንት?» የሚል ሻጭ ውዱን በርካሹ ዋጋ ሸጠ ማለት ነው። የቤት ሚዛን ካለ ቀድሞ መዝኖ ለሁለትና ለሦስት ቆራሌ ማሳየት ነውር የለውም።

የልዋጭ ነገር ከዚህ ይብሳል። ለአንድ ኮት፣ ለሁለት ሱሪና ለአንድ ጥንድ ጫማ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ሲሰጥ ብር የሚባል ነገር ስለማይነሳ ኪሳራው አይታይም። የሳፋውን የሱቅ ዋጋ ጠይቆ ማወቅ ክርክሩን ይለውጠዋል። ደግሞም አሮጌ ልብስ ወጥቶ አዲስ ፕላስቲክ ከገባ ቤቱ አልቀለለም።

ሁሉም ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሚሸጥ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ በውድ ይገዛዋል። ለለቅሶ ይሆናል ተብሎ የተቀመጠው የሳህን ክምር ግን ሌላ ነው። ዕድሩ ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ሳህን በአባላቱ መዋጮ ገዝቶ በመጋዘኑ ካስቀመጠ፣ እያንዳንዱ አባል በየቤቱ አርባ ሳህን የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም። የዕድር መዋጮ የሚከፍል ሰው የማስቀመጫ ቦታ ጭምር እየከፈለ መሆኑን ይረሳዋል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ብዙ ቤት የሚጸዳው ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሲቃረብ በመሆኑ፣ ሁሉም የሚያወጣው ያኔ ነው። ጎረቤት ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ መሸጥ ይሻላል።

በወረቀት ላይ ደግሞ መቸኮል አይገባም። የባለሱቅ መጠቅለያ ሆኖ በኪሎ ከሚሸጠው የድሮ ጋዜጣና ደብተር መሃል የቤት ካርታ፣ የውል ሰነድና የግብር ደረሰኝ ተቀላቅለው ሊወጡ ይችላሉ። በተለይ ነጋዴው የሂሳብ መዝገቡን ከልጆቹ ደብተር ጋር በአንድ ካርቶን ካስቀመጠ፣ ካርቶኑን ራሱ ገልብጦ ሳያይ ለማንም እንዳያስረክብ።